ገዳዩ «እኔ ነኝ» ሲል አንተ «አይደለህም» ትለዋለህ?

ሽብር በተነሳ ቁጥር ሁሉም ሰው መርማሪ ይሆናል። ቡና ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር፣ ቴሌግራም ላይ፣ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። መጠየቁ ደግ ነው። «ሰው ሰውን ለምን ይገድላል?» ብሎ የማይጠይቅ ልቡ ደንድኗል ማለት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ጥያቄው ሳያልቅ ከኪስ የሚመዘዘው መልስ ነው፤ መልሱም ዘወትር የአንድ ሕዝብ ስም ሆኖ መገኘቱ ነው። ምክንያት መፈለግ ሌላ፣ ጥፋተኛ መፈብረክ ሌላ። ስለ ሽብርና ስለ አይሁድ ሲወራ ደጋግሜ የምሰማቸውን ንግግሮች እዚህ ደርድሬ ለእያንዳንዱ የሚገባውን እመልሳለሁ። ካልገለጽኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የኒውዮርክን መንትያ ሕንፃዎች ያስመቱት አይሁዶች ናቸው። የዚያን ቀን 4,000 አይሁዳዊ ሥራ አልገባም።»

ወንድሜ፣ ቁጥሩን ከየት አመጣኸው? ካላወቅህ እኔ ልንገርህ። ጥቃቱ በደረሰ ሰሞን እስራኤል ውስጥ የወጣ የጋዜጣ ዜና ነበር። «ሕንፃዎቹና ፔንታጎን አካባቢ ሊኖሩ ይችላሉ» ተብለው መንግሥት የሚያፈላልጋቸው እስራኤላውያን 4,000 ያህል ናቸው የሚል። ሴፕቴምበር 17 ቀን 2001 የሂዝቦላህ ቴሌቪዥን አል-መናር ይህንኑ ቁጥር ገለበጠና «4,000ዎቹ አስቀድሞ ተነግሯቸው ከሥራ ቀሩ» አለ። ዜጎቹ ይሙቱ ይኑሩ ያላወቀ መንግሥት በጭንቀት የጠራው ቁጥር በስድስት ቀን ውስጥ የክስ ማስረጃ ሆኖ ቁጭ አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኸው ነው።

ሐቁን ከፈለግህ ያን ቀን 2,977 ሰው ተገድሏል። ከሟቾቹ መካከል አይሁዶች በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ የእስራኤል ዜጎችም አሉበት። አውሮፕላኖቹን የጠለፉት 19 ሰዎች ስማቸው ከነፎቷቸው ይታወቃል፤ 15ቱ የሳዑዲ ዜጎች ናቸው። በ2004 ደግሞ ኦሳማ ቢንላደን ራሱ ቪዲዮ ላይ ቀርቦ ጥቃቱን ያቀድነው እኛ ነን አለ። ገዳዩ ደረቱን ነፍቶ «እኔ ነኝ» እያለ አንተ «ኧረ አንተ አይደለህም» ብለህ ትከራከርለታለህ። ጠበቃ አላቆመህም፣ ገንዘብ አልከፈለህም። ለማን ብለህ ነው የምትደክመው? ደግሞስ ከሟቹ ወገን ሰው መርጠህ ገዳይ ማድረግ ምን ይባላል? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

«እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ሕዝቡ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

እሱስ እውነትህን ነው፣ ብዙ ነው። በ2008 ዎርልድ ፐብሊክ ኦፒኒየን የተባለ የጥናት ፕሮጀክት በ17 አገሮች ከ16,000 በላይ ሰው «ያንን ጥቃት ያደረሰው ማን ነው?» ብሎ ጠይቋል። በአማካይ «አልቃይዳ» ያለው 46 በመቶ ብቻ ነው። ግብፅ ውስጥ 43 በመቶው «እስራኤል» አለ። ዮርዳኖስ ውስጥ «እስራኤል» ያለው 31 በመቶ ሲሆን «አልቃይዳ» ያለው 11 በመቶ ነው። «ይህ የሙስሊም አገር ችግር ነው» ለማለት የቸኮለም ይስማ፤ ሜክሲኮ ውስጥ 30፣ ጀርመን ውስጥ 23 በመቶው «የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ነው» ብሏል።

ግን የእጅ ብዛት ወንጀል አያጣራም። የአስተያየት ጥናት ሰው ማንን እንደሚጠረጥር ይነግርሃል፤ ማን እንደገደለ ግን ከእሱ አትማርም። የካይሮ ሰው ከ1981 ጀምሮ በአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ሲገዛ፣ መንግሥቱ ጠዋት ማታ ሲዋሸው ኖሮ «የሚነገረኝ ሁሉ ውሸት ነው» ቢል አልፈርድበትም። ጥፋቱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። መንግሥት የነገረውን ሁሉ ሲጠረጥር ይውልና ማታ ጎረቤቱ የነገረውን ያለ አንዳች ጥርጣሬ ተቀብሎ ይተኛል። መጠርጠር ከጀመርክ ሁሉንም ጠርጥር። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት እንጂ ሰው አትጨምርበት።

«ነገሩ ድህነት ነው። የተራበ ሰው ምን ያድርግ?»

ጋሼ፣ ይህን የሚሉት ለድሃ አዝነው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ለድሃ አዝናለሁ ብለው ድሃውን ሰደቡት። ከጠላፊዎቹ መሪ ከመሐመድ አታ እንጀምር። የጠበቃ ልጅ ነው፤ ካይሮ ሥነ ሕንፃ፣ ሐምቡርግ ደግሞ የከተማ ፕላን ተምሯል። ከቢንላደን ቀጥሎ አልቃይዳን የመራው አይመን አል-ዘዋሂሪ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። በ2009 የገና ዕለት ዲትሮይት ሊያርፍ በተቃረበ አውሮፕላን ውስጥ የውስጥ ሱሪው ላይ የደበቀውን ፈንጂ ሊያፈነዳ የሞከረው ናይጄሪያዊ ወጣት የታወቀ የባንክ ባለጸጋ ልጅ ነው፤ ለንደን ምህንድስና ተምሯል። ከነዚህ ውስጥ እንጀራ ያጣው የትኛው ነው?

ሦስት ሰው ጠርቶ ነገር መጨረስ አይቻልም ካሉኝ ጥናቱም አለልዎት። አላን ክሩገርና ዪትካ ማሌችኮቫ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ በውጊያና በጥቃት የሞቱ 129 የሂዝቦላህ አባላትን ታሪክ መርምረው ነበር። ከነሱ መካከል ከድሃ ቤት የወጣው 28 በመቶ ነው፤ ከጠቅላላው የሊባኖስ ሕዝብ ግን ድሃው 33 በመቶ ነበር። ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ የተማረው ከታጣቂዎቹ 47፣ ከሕዝቡ 38 በመቶ ነው። የታጣቂው ቤት ከጎረቤቱ ቤት የተሻለ ነበር ማለት ነው።

ድህነት ብቻውን ሰውን አሸባሪ የሚያደርግ ቢሆን መርካቶ ውስጥ ማን ይተርፍ ነበር? ኩሊው ቀኑን ሙሉ ኩንታል ሲሸከም ይውላል፣ ማታ ለልጁ ዳቦ ገዝቶ ቤቱ ይገባል። እሱን «ቢርበው ነው የሚገድለው» ከሚሉት ወገን አያስገቡት።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው ካሉኝ አንድ ብቻ አይደለም። ክሩገር ከድህነት ይልቅ የመብት መታፈን የበለጠ ክብደት እንዳለው አሳይቷል። ሮበርት ፔፕ የተባለው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ከ1980 እስከ 2003 የደረሱ 315 የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃቶችን መርምሮ የውጭ ጦር በአገር ላይ መኖሩን ዋና መነሻ አድርጎ አስቀምጧል። ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል፤ ይከራከሩ። የተቆጣ ሰው ግን በየአገሩ ሞልቷል። ቁጣውን ወደ ግድያ የሚያደርሰው መልማይ፣ ገንዘብና መሣሪያ ያለው ድርጅት፣ «ጠላትህ ይኸውና» የሚል ትረካ ሲጨመርበት ነው። ትረካው ላይ በጣም የተለመደው ጠላት ማን እንደሆነ ያውቁታል።

«አይሁዶች እኮ ዓለምን ይዘዋል። ባንኩም ሚዲያውም የእነሱ ነው።»

አንተ የንግድ ሰው ነህ፤ በቁጥር እንነጋገር። ፀረ ስም ማጥፋት ሊግ የተባለው የአሜሪካ አይሁዶች ድርጅት በ2014 በ102 አገሮች 53,100 ሰው አስጠይቋል። ስለ አይሁድ የሚነገሩ 11 የጥላቻ አባባሎችን አቅርቦ ስድስትና ከዚያ በላይ የሆኑትን «እውነት ነው» ያለውን ቆጠረ፤ 26 በመቶ ሆነ። ከነዚህ ሰዎች ውስጥ 70 በመቶው በሕይወቱ አንድ አይሁዳዊ አግኝቶ አያውቅም! ከተጠየቀው ሰው ሁሉ 18 በመቶው ደግሞ አይሁዶች ከ700 ሚሊዮን በላይ ናቸው ብሎ ያስባል። ዓለም ላይ ያሉት አይሁዶች በሙሉ ተሰብስበው ዛሬ 16 ሚሊዮን አይሞሉም። የኢትዮጵያን ሕዝብ ለስምንት ብታካፍለው የሚደርስህ ያህል ነው። ያላየኸውን ሰው ቁጥሩን ከአርባ እጥፍ በላይ አብዝተህ ፈራኸው፤ ከፈራኸው በኋላ ጠላኸው። ሒሳብህ እንዲህ ከሆነ ሱቅህን ማን ይቆጥርልሃል?

ነገሩ እየበረደ ነው እንዳልል፣ ያው ድርጅት ከአሥር ዓመት በኋላ በ103 አገሮች ሲጠይቅ 26 የነበረው 46 በመቶ ደርሷል።

«ዓለምን ለመያዝ ያቀዱበት መጽሐፍ አለ» ትለኝ ይሆናል። አውቀዋለሁ። «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» ይባላል፤ በ1903 አንድ የሩሲያ ጋዜጣ ላይ ነው የወጣው። በ1921 የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ዘጋቢ ፊሊፕ ግሬቭስ ከሌላ መጽሐፍ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ጉዱን አወጣው። ሞሪስ ዦሊ የተባለ ፈረንሳዊ በ1864 ንጉሠ ነገሥቱን ሦስተኛ ናፖሊዮንን ለመንቀፍ ከጻፈው መጽሐፍ በብዛት የተገለበጠ ነው። የፈረንሳዩ መጽሐፍ ስለ አይሁድ የተጻፈ አልነበረም። ሌባው የሰው ጽሑፍ ሰረቀ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የተነጣጠረውን ወደ አይሁድ አዞረው፣ በቃ። ሐሰተኛነቱ ከተጋለጠ 100 ዓመት አልፎታል። ያም ሆኖ ሐማስ በ1988 ባወጣው ቻርተር አንቀጽ 32 ላይ ይህንኑ ሐሰተኛ ጽሑፍ እንደ ማስረጃ ጠቅሶታል። አየህ፣ አንተ ቡና እየጠጣህ ለጨዋታ የምታነሳው ወሬ ሌላ ቦታ ላይ ለጦር መሣሪያ ፈቃድ ይሰጣል።

«እኛ ኢትዮጵያውያን እንኳ አይሁድን እንወዳለን። ክብረ ነገሥት ይመስክር።»

እትዬ፣ የመጽሐፉን እስራኤል መውደዳችን እውነት ነው። ጎረቤታችን የነበረውን አይሁዳዊስ? ጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤል ከርስት ተገፍቶ ብረት እየቀጠቀጠ፣ ሸክላ እየሠራ፣ ሸማ እየሸመነ ኖረ። ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጩ ይገዛል፤ ሚስቱ ምጣዷንና እንስራዋን ወለቃ መንደር ከተቀመጡት ሴቶች ትገዛለች። ልጅ በታመመ ማታ ግን «ቡዳ በላው» ይባላል። «እነሱ ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ» ይባላል። ትኩሳቱን ያመጣው ወባ ይሁን ሌላ ማንም አልመረመረም፤ ጣት የተቀሰረው ጠዋት ማረሻ ወደተገዛበት ቤት ነው። ያ ሰው ባይኖር እርሻው አይታረስም ነበር፤ ሰውየው ግን ከጉርብትናም ከማዕድም ተለየ።

ልብ ይበሉ እትዬ፣ የኒውዮርኩ 4,000ና የጎንደሩ ጅብ አንድ ሥራ ነው የሠሩት። ሰው መከራ ደረሰበት፣ ምክንያቱ ጨለመበት፣ ቅርቡ ያለውን ባዕድ ያዘ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት 16 እና 17 ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ሲወጡ ብዙዎቻችን በአድናቆት አውርተናል። የወሰዳቸው የኢየሩሳሌም ናፍቆት ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ከናፍቆቱ ጎን ግን ስንት ዘመን «ቡዳ» እየተባሉ እንደኖሩም አብረን እናውራ። ፍቅራችን በመጽሐፍ ላለው ብቻ ከሆነ ፍቅሩ ንባብ ነው፤ ፈተናው ጎረቤት ነው።

«ጋዛን አታይም? ጥላቻው የመጣው ከዚያ ነው።»

አያለሁ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል፤ ሕፃናት ከፍርስራሽ ውስጥ ሲወጡ አይቻለሁ፤ ያላዘነ ሰው ሰው አይደለም። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሐማስ 1,200 ያህል ሰው ገድሎ 251 አግቶ ሲሄድም አይቻለሁ፤ ለዚያም ያላዘነ እንዲሁ። የእስራኤልን መንግሥት መውቀስ መብትህ ነው። እስራኤል ውስጥ ያሉ አይሁዶችም በየሳምንቱ አደባባይ ወጥተው ሲወቅሱት ነበር። ወቀሳህን ማንም አይነጥቅህም።

ግን አንድ ነገር መልስልኝ። በማርች 2012 ፈረንሳይ ውስጥ ቱሉዝ ከተማ አንድ ታጣቂ የአይሁድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ሦስት ሕፃናትና አንድ መምህር ገደለ። «ለፍልስጤም ሕፃናት ነው» አለ። ከሦስቱ ሕፃናት የትኛው ነው አውሮፕላን ያዘዘው? ይኸው ሰው ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ሦስት የፈረንሳይ ወታደሮችን ገድሏል፤ ከሟቾቹ መካከል ሙስሊሞች ነበሩ። ለፍልስጤም ተቆርቁሮ ከሆነ እነዚህ ወታደሮች ምን አደረጉት? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንኳ አይባልም፤ ዳውላው ነፍስ የለውም።

ደግሞ ጥላቻው የመጣው ከእስራኤል መንግሥት ከሆነ ኪሺነቭን እንዴት ልታደርገው ነው? በ1903 እዚያ ከተማ 49 አይሁዶች በጎረቤቶቻቸው እጅ ተገደሉ፤ ቤታቸው ተዘረፈ። እስራኤል የምትባል አገር የተመሠረተችው በ1948 ነው። ጥላቻው 45 ዓመት ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው? ግፍ ቁጣን ይወልዳል፤ ይህን አልክድህም። የግፉ ባለቤት ግን ስም፣ ሥልጣንና ቢሮ አለው። ኔታንያሁን ውቀስ፤ የቱሉዝን ተማሪ ተዋት።

«ሙስሊም ሲባል እንደዚያ ነው። ሽብር በደማቸው ነው።»

ኧረ አንተም ያው ነህ! እሱ «አይሁድ» ይላል፣ አንተ «ሙስሊም» ትላለህ፤ ሁለታችሁም ያው አንድ ክስ ይዛችሁ ነው የምትዞሩት። ቁጥር አልደብቅህም። የፒው የጥናት ማዕከል በ2005 ዮርዳኖስ ውስጥ ሲጠይቅ 99 በመቶው ስለ አይሁድ እጅግ መጥፎ አመለካከት አለኝ ብሏል። «እስልምናን ለመከላከል ሲባል በሲቪል ላይ የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት ማድረስ አልፎ አልፎም ቢሆን ተገቢ ነው» ያለው ደግሞ 57 በመቶ ነበር። ይህ ያስደነግጣል፤ ይደንግጥህ።

አሁን ቀጥሎ የሆነውን ስማ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 9 ማታ የኢራቅ አልቃይዳ የላካቸው ሰዎች አማን ከተማ ሦስት ሆቴሎች ውስጥ ፈንጂ አፈነዱ። ራዲሰን ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሠርግ ነበር። የሙሽራውም የሙሽሪትም አባቶች እዚያው ሞቱ። በጠቅላላው ወደ 60 ሰው አለቀ፤ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ላኪው አቡ ሙሳብ አል-ዘርቃዊ ራሱ ዮርዳኖሳዊ ነበር። በማግስቱ የአማን ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ዘርቃዊን አወገዘ። ፒው በ2006 ተመልሶ ሲጠይቅ 57 የነበረው 29 በመቶ ሆኗል። በቢንላደን እተማመናለሁ ያለውም ከ60 ወደ 24 በመቶ ወርዷል። ነገሩ ደም ቢሆን ኖሮ በአንድ ዓመት አይቀየርም ነበር። የተቀየረው ሰዉ ሬሳውን ከራሱ ሠርግ ስላነሳ ነው። በ2015 ስለ አይሲስ ሲጠየቅም ዮርዳኖስ ውስጥ 94፣ ሊባኖስ ውስጥ 99 በመቶው ጠልቶታል። እኔን የሚያሳዝነኝ ሰው ይህን ለማወቅ ሞቱ የግድ ቤቱ መድረስ ያለበት መሆኑ ነው። የጎረቤት ሞት በቂ ነበር።

ላሳና ባቲሊንም ላስተዋውቅህ። የማሊ ሙስሊም ነው፤ ፓሪስ ውስጥ የአይሁድ ምግብ የሚሸጥ ሱፐርማርኬት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ጃንዋሪ 9 ቀን 2015 ታጣቂ ገብቶ አራት አይሁዶችን ሲገድል፣ ባቲሊ ምድር ቤት የወረዱትን ደንበኞች ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ አስገባቸው፤ ማቀዝቀዣውን አጠፋ፣ መብራቱን አጠፋ፣ «ድምፅ አታሰሙ» አላቸው። እሱ በዕቃ ሊፍት ሾልኮ ወጣ። ፖሊስ ግን መልኩን ሲያይ ከገዳዮቹ አንዱ መስሎት በካቴና አሰረው። ከአንድ ሰዓት በላይ ታስሮ ነው ማንነቱ የታወቀው፤ ከዚያ የሱቁን የውስጥ አቀማመጥ በወረቀት ስሎ ሰጣቸው። «በደማቸው ነው» ያልከኝ አንተ፣ የዚያን ቀን ካቴናውን የምታስረው አንተ ነበርክ።

«አንዳንዱን ነገር ግን እዚህ አሜሪካ ያሉት ነጮች ልክ ናቸው። አገሩን የሚያበላሹት አይሁዶች ናቸው።»

አንቺ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሽ እህቴ፣ ሰዎቹ ምን እያሉ እንደሆነ እስከ መጨረሻው ሰምተሻል? ኦክቶበር 27 ቀን 2018 ፒትስበርግ ምኩራብ ውስጥ ለጸሎት የተሰበሰቡ 11 ሰዎችን የገደለው ሰው ምክንያቱን ጽፎ ነበር። ሃያስ የተባለው የአይሁድ የስደተኞች መርጃ ድርጅት «ወራሪ» ያስገባብናል አለ። ወራሪው ማን መሰለሽ? በስደተኛነት ፎርም ሞልቶ የገባው የአክስትሽ ልጅ ነው። ሜይ 14 ቀን 2022 ደግሞ ቡፋሎ ውስጥ አንድ ሱፐርማርኬት የገባው ወጣት 10 ጥቁሮችን ገደለ። በጻፈው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ነጮችን በሌላ ዘር የሚተኩት አይሁዶች ናቸው ይላል። ጽሑፉ አይሁዱን ይከሳል፣ ጥይቱ አንቺን የሚመስሉትን ይመታል። «ልክ ናቸው» ከማለትሽ በፊት ዝርዝሩ ላይ ያንቺን ስም ፈልጊ፤ አለሽበት።

«ለመሆኑ አንተን ምን አገባህ?»

ያገባኛል። ፌብሩዋሪ 1998 ቢንላደንና ጓደኞቹ «አይሁድንና መስቀላውያንን» እንዋጋለን ብለው አወጁ። በዚያው ዓመት ኦገስት 7 ቀን ናይሮቢና ዳሬሰላም በሚገኙት የአሜሪካ ኤምባሲዎች ላይ ፈንጂ ፈነዳ። ናይሮቢ ላይ መጀመሪያ የእጅ ቦምብና የተኩስ ድምፅ ስለተሰማ የአካባቢው ቢሮ ሠራተኛ «ምንድን ነው?» ብሎ ወደ መስኮት ተጠጋ። ዋናው ፈንጂ ሲከተል የመስኮቱ መስታወት ፊታቸው ላይ ተበተነ፤ ብዙዎች ዓይናቸውን አጡ። ከኤምባሲው ጎን የነበረው ኡፉንዲ ሕንፃ ከነሰዉ ተደረመሰ። ናይሮቢ ላይ 213፣ ዳሬሰላም ላይ 11 ሰው ሞተ፤ አሜሪካውያኑ 12 ናቸው። ከቀሩት አብዛኞቹ ጠዋት ሥራ የገቡ አፍሪካውያን ናቸው።

በ2002 ሞምባሳ አጠገብ እስራኤላውያን ቱሪስቶች የሚያርፉበት ፓራዳይዝ ሆቴል ተመታ። ሦስት እስራኤላውያን ሞቱ፤ ኬንያውያኑ 10 ነበሩ። በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ማታ አልሸባብ ካምፓላ ውስጥ በሁለት ቦታ ከ70 በላይ ሰው ገደለ፤ አንደኛው ቦታ «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» የተባለው የሐበሻ ምግብ ቤት ነው። በ2015 አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወደ 30 የሚሆኑ ወንድሞቻችንን ገድሎ ቪዲዮውን ለዓለም ለቀቀ። በ2017 ሞቃዲሾ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ፈንጂ 587 ሰው አለቀ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ሙስሊም ነው። አይሁድን እንጠላለን ብለው የሚጀምሩ ድርጅቶች በአይሁድ ሲያበቁ አላየሁም። ገና መንገድ ላይ ሳሉ እኛን ያገኙናል።

ስለዚህ ምክንያቱን እንፈልግ፤ ጠንክረን እንፈልግ። ገዳዩን በስሙ ጥራው። የላከውን ድርጅት በስሙ ጥራው። በደል ያደረሰ መንግሥት ካለ፣ የእስራኤልም ይሁን የአረብ፣ የአሜሪካም ይሁን የራሳችን፣ እሱንም በስሙ ጥራው፤ ማስረጃህን ይዘህ ጥራው። ሕዝብ ግን የወንጀለኛ ስም አይደለም፤ አይሁድም፣ ሙስሊምም፣ ሐበሻም። ከዚህ በኋላ «4,000ዎቹ» የሚል ሰው ሲያጋጥምህ ዝም ብለህ አትለፈው። «ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?» በለው፤ እስኪመልስልህም አትልቀቀው።